ቆይቶ የሚያነሳው ካሜራ

ካሜራውን የገዛነው ለሦስት ተዋጥተን ነው። አንዷ እኔ ነኝ፤ ቆቦ ተወልጄ፣ ቆቦ ተምሬ፣ ኮሌጅ ደርሼ ተመልሼ እዚያው ቆቦ የማስተምር የአማርኛ መምህርት። ሁለተኛው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ሦስተኛው ገበያው ዳር ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው፤ ካሜራውን ጂዳ ካለች እህቱ ያስመጣውም እሱ ነው። ሦስታችንም ስለ ፎቶ የምናውቀው ነገር ቢኖር ተነስተን ማወቃችን ብቻ ነበር። አስተያየት ግን አላጣንም። አሁን ሳስበው ያ ካሜራ ካነሳው ፎቶ ያናገረው ሰው ይበዛል።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የዲጂታል ወሬ ከዕቃው ቀድሞ ቆቦ የደረሰበት ሰሞን። እስከዚያ ድረስ ፎቶ ማለት ፊልም ነበር። ፎቶ አንሺው ካነሳህ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወልድያ ሄዶ እስኪታጠብ ትጠብቃለህ፤ ፎቶህ ሲመጣ ያን ቀን የለበስከው ሸሚዝ ለታናሽ ወንድምህ ተላልፏል። ይህ መዘግየት ጥቅም እንደነበረው የገባኝ በኋላ ነው። ሰው መልኩን ከወር በኋላ ሲያየው ንዴቱም አብሮ በርዶ ይጠብቀዋል።

ለእኔ ካሜራ የመግዛቱ ነገር የመጣው ከእናቴ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ብዛት አለብህ ተብሎ በላስቲክ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። እሱ ምንም አልመሰለውም። እናቴ ግን ከሳጥኗ የቀበሌ መታወቂያውን አውጥታ ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ አባትሽ ነው?» አለችኝ። «ይሄ በግ የሰረቀ ሰው ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። እንዲያው አንድ እሱን የሚመስል ሳይኖረኝ ቢሄድብኝ፣ ምን እያየሁ ልኖር ነው?»

እሱን የሚመስል ያለችው ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ገበሬ ነው፤ በዚያ ላይ ሽማግሌ። ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። ለዕርቅ ሲቀመጥ ግማሹን ሥራ ፊቱ ይሠራለታል ይባል ነበር። እውነት ነው፤ ከቤት ውጭ ጥርሱን ያየ ሰው አላውቅም። ቤት ሲገባ ግን ዱላውን ጥግ ከማስደገፉ በፊት እናቴ አንድ ነገር ትወረውርለታለች፤ የዳኘውን ሰው አስመስላ ታወራለች፣ ወይ አረማመዱን ታሳየዋለች። እሱ መጀመሪያ ይቆጣል። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ «አንቺ ሴትዮ፣ ትገድይኛለሽ!» ብሎ እስኪያስለው ይስቃል። እኛ ልጆቹ ሁለት አባት ነበረን ማለት ይቻላል። የደጁን አባታችንን አገር ያውቀዋል፤ የጓዳውን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ፎቶውን የፈለገችውም የእሱን ነው።

ካሜራው የመጣ ቀን ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ነው ያሳየን። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አፍንጫው ረጅም፤ ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኞች ተሸክመውት የምናየውን ቁርጥ ይመስላል። ባለሱቁ በእጁ አንስቶ ከበድ ሲልበት ረካ። የእሱ አስተያየት ያኔውኑ አለቀ፤ ዕቃ የሚለካው በክብደቱ ነው። «ወላሂ፣ ይሄ እንኳን ፎቶ ሰውም ይመታል» አለ። ከጀርባው ባለው፣ የተነሳው ፎቶ በሚታይበት ትንሽ መስታወት ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈውን ላስቲክ ልልጠው ስል እጄን ያዘኝ። አዲስነቱ ይጠፋል አለ። ላስቲኩም ሳይነሳ ቀረ፤ በየሄድንበት ሰው ራሱን በመስታወቱ ሲያይ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር። ባለሱቁ ያጽናናቸዋል፦ «አብሽሩ፣ ሲታጠብ ይጠራል።» እነሱም አመኑት። ፎቶ ታጥቦ ሲጠራ እንጂ ሳይታጠብ ሲጠራ አይተው አያውቁማ።

በዚያ ላይ አራት የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። የቆቦ ድንጋይ ለሬዲዮ እንጂ ለእሱ ዓይነቱ ሆዳም አልተሠራም፤ ጥቂት አንስቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ግን ባለሱቁ እንደ ጉድለት ቆጥሮት አያውቅም። ድንጋዩን የሚሸጥልን እሱ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ ችግር ሌላ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «የባለሙያ ካሜራ ገዛን» ብሎ አውጆ ጨርሷል። በኋላ መመሪያውን ሲያገላብጥ፣ ጽሑፉ ዓረብኛ ነውና ሥዕል ሥዕሉን ሲያይ፣ እኛም ከባለሱቁ ጋር ተጋግዘን ስንታገል፣ መራሩን እውነት ደረስንበት፤ የእውነተኛው ባለሙያ ካሜራ አፍንጫው ይፈታል፣ በሌላ ይቀየራል። የእኛ አይፈታም። ከመልኩ በስተቀር ከዚያኛው ጋር ዝምድና የለውም። ይህን ምስጢር ሦስታችን ይዘነው ዝም አልን። መምህሩ ግን ዝም ማለት አልበቃውም። ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ፀሐይ የሚከልል ጥቁር ቀለበት አለ። ሰው ሲሰበሰብ «ቆይ፣ ሌንስ ልቀይር» ይልና ቀለበቷን ፈትቶ ቦርሳ ይከታል። ትንሽ ይቆያል። ያችኑ ቀለበት አውጥቶ መልሶ ይገጥማታል። አንድ ሰርግ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሙሽራው አጎት ጠጋ ብሎ «ይሄ ሌንሱ አይፈታም እንዴ?» ቢለው፣ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አካባቢውን አየና «እዚህ አቧራ አለ፤ እዚህ አይፈታም» አለው። ሰውየው አከበረው።

ይህ ሁሉ ይቻላል። እኔን ያበሸቀኝ ጠባዩ ነው። ካሜራው ቁልፉን ስትጫነው አያነሳም። ያስባል። አፍንጫውን ወጣ ገባ ያደርጋል፣ ዝዝ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንዳኮረፈ ሰው ለምኑኝ የሚል ይመስል ቆይቶ ቆይቶ ደስ ሲለው ቀጭ ይላል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ፎቶ ሲነሳ እንደማንም አይነሳም። ትንፋሹን ይይዛል፣ እጁን ከጎኑ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ያፈጣል። ሙሉ ቁመናው መግባት አለበት፤ እግሩ ከተቆረጠ ይጣላሃል፣ ጉርድ ለመታወቂያ ነው። እንዲህ ሆኖ ይጠብቅና በቃ ተነሳሁ ብሎ ትንፋሹን ሲለቅ፣ ካሜራው የሚነቃው ያኔ ነው። እኛ ያነሳናቸው ሰዎች እንግዲህ ሁሉም ፎቶ ተነስተው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። አንዱ ላቡን ይጠርጋል። አንዷ የጠበባትን ጫማ ታወልቃለች። አንድ የተከበሩ ቄስ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ሲያዛጉ ይዘናቸዋል።

ባለሱቁ «ትልቅ ዕቃ ምን አስቸኮለው» ይላል። መምህሩ ብርሃኑን እያሰላ ነው ይላል፤ ምን ያህል እንደሚያሰላ ሲጠየቅ ግን ሰሌዳ ይፈልጋል። የእኔ አስተያየት አጭር ነበር፤ ደንቆሮ ነው እላለሁ።

ሮቢት አንድ ሰርግ ላይ የሆነውን ብቻ ልናገር። ሙሽሪት ከዋጃ ናት፤ ሁለቱም ቤተሰብ ትልቁን ካሜራ እኔ ጠራሁ እኔ ጠራሁ ሲባባል ነው የደረስነው። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ለመሳም ሲንበረከኩ ቁልፉን ተጫንኩት። ተነሱ። ቀጭ አለ። መስታወቱ ላይ ጉልበት እንጂ ሳሚ የለም። ከጀርባዬ «ይደገም!» ተባለ። ደገሙ። አሁንም የወጣው የሙሽራው ጀርባ ነው። በሦስተኛው መምህሩ ትእዛዝ ሰጠ፤ ጉልበቱ ላይ ሆናችሁ ጠብቁ፣ ቀጭ ሳይል አትነሱ አላቸው። ልጆቹ እዚያው አፋቸውን ለጥፈው ሲቆዩ፣ ሲቆዩ፣ የሙሽሪት አባት ጎንበስ ብለው «ኧረ ጉልበቴን ይዘውት ሊሄዱ ነው እንዴ?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ፎቶውም ከሳቁ ጋር ወጣ፤ ሽማግሌው ቀና ብለው፣ ሙሽሪት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ። በጣም የምወደው ፎቶ ነው። ቤተሰቡ ግን አይቶ ደነገጠ። ሰርግ ነው ቀልድ ነው? አሉን። እንዲጠፋ ተደረገ፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው እንደ ስብሰባ ተሳታፊ በአንድ መስመር እንደገና ተነሱ። በዚያ ካሜራ ዘመን ስንት ሳቅ እንደጠፋ እግዜር ይወቀው።

አባቴን ለመነሳት ለማሳመን የፈጀብኝን ጊዜ አላወራውም። ሲጀመር ዓላማው ገብቶታል። «ለቅሶዬን ከወዲሁ እያደራጃችሁ ነው?» አለ። በእኛ አገር ለሟች ፎቶው ከፍ ተደርጎ ይለቀስለታል፤ ሽማግሌ ሰው ፎቶ ተነሳ ሲባል ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በመጨረሻ ያሸነፈችው እናቴ ናት። መታወቂያውን ይዛ ፊቱ ቆመችና «እንግዲያው ይሄን በትልቁ አሳጥቤ አስለቅስብሃለሁ፤ አልቃሹ ሁሉ በጉ የማን ነበር እያለ ይጠይቅ» አለችው። በማግስቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሺ አለ።

ሦስታችንም ባለቤቶች መጣን፤ አንዱ በሌላው ስለማይተማመን ካሜራው ብቻውን ወጥቶ አያውቅም። ወንበር ከግቢው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። መምህሩ ፀሐዩን አይቶ ወንበሩን አዞረ፤ ባለሱቁ አቧራ አለ ብሎ መልሶ አዞረ። አባቴ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል ተክሎ ተቀመጠ። ያን ፊቱን አወጣ። እኔ ልጁ እንኳ ፈራሁት። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።

ተጫንኩት። ካሜራው ማሰብ ጀመረ።

አባቴ አልተነቃነቀም። ካሜራው አሰበ። የአባቴ አንገት ሥር ሲገተር ይታየኛል። ይሄኔ ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ፣ «ኧረ ተንፍስ አንተ ሰው! ሳትሞት እኮ ነው የምናነሳህ!»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «አንቺ ሴትዮ…» አለ። ቀጭ።

መስታወቱ ላይ፣ በዚያ በተረገመ ላስቲክ ጉም ውስጥ፣ አባቴ ነበር። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተጥሏል፣ ጋቢው ከአንድ ትከሻው ወርዷል፣ አንድ እጁን ወደ እናቴ አንስቷል፣ የጎደሉት ጥርሶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። እግሩ ተቆርጧል። እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችውና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እሱ ነው!» አለች። «እሰይ! ይሄውላችሁ፣ እሱ ነው።»

ጓደኞቼም አስተያየት ነበራቸው። «ተንቀሳቅሰዋል፣ እግርም የለም» አለ መምህሩ። «ማሻአላህ፣ ደስ ይላል፤ ግን ለሰው አይታይም» አለ ባለሱቁ። አባቴ ካሜራውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነህ አባዬ።»

«ይሄን ያየ ሰው ነገ ለዕርቅ ይጠራኛል? አጥፉት።»

እናቴ ለመነችው። አንዷን እንኳ ተዋት፣ ማንም አያያትም፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው የማኖራት አለችው። መምህሩ ሽማግሌ የማክበር አባዜው ተነስቶበት «እንዲህ ነው አባባ፣ ይችን ነው የሚጫኑት» ብሎ ማጥፊያውን አሳየው። አባቴ በአውራ ጣቱ ተጫናት። ካሜራው ሲያነሳ እንጂ ሲያጠፋ አያስብም ነበር። ወዲያው ጠፋ።

ሌላ ሞከርን። እናቴ ሌላ ነገር ተናገረች፤ ሌላ ሳቅ ወጣ፤ ሌላ ጠፋ። ደግመን ሞከርን፤ ያኔ እንኳ እሷ ምንም አላለችም፣ ብቻ ከኋላዬ ቆማ እንደ እሱ ዓይኗን አፍጥጣ ነበር፤ ሲያያት ያ ፊቱ ፈረሰ። ይህንንም አጠፋው። አባቴ ከካሜራው ቁልፎች ሁሉ የተማራት ያችን አንዷን ነው፤ በደንብ ነው የተማራት። በመጨረሻ ዱላውን ወደ በሩ ቀሰረ።

«እሷ እያለች አይሆንም» አለ። «ጎረቤት ሂጂና ተቀመጪ። ሲያልቅ ትጠሪያለሽ።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። «ደግ፣ ይቅናህ» አለችውና እየሳቀች ወጣች። በሩን ስታልፍ ግን ሳቋ ከፊቷ ሲወርድ አይቻለሁ።

የግቢው በር እንደተዘጋ በመጀመሪያው ሙከራ ተሳካ። ካሜራው የፈለገውን ያህል አሰበ፤ አባቴም የፈለገውን ያህል ጠበቀው። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት እግር፣ ዱላ፣ ጋቢ፣ አንድም የጎደለ የለም። «ይሄ ሰው ነው» አለ አባቴ። ባለሱቁ አጨበጨበ። መምህሩ ብርሃኑ በትክክል ተሰልቷል አለ። ወልድያ ሄዶ በትልቁ ታጥቦ፣ በመስታወት ተከቦ መጣ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ጥሩ ነው» አለች። የተናገርነውንም ያልተናገርነውንም አስመስላ የምታወራው ሴትዮ ያን ቀን ያ ብቻ ነበር ያላት። ግድግዳው ላይ ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፈው ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። ባለሱቁ አንዱን ቅጂ ሱቁ በር ላይ ሰቀለው። ሰው እየመጣ «እንደ እሳቸው አንሱኝ» ማለት ጀመረ። እንዴት ነው እንዲህ ኮስተር ብለው የወጡት ሲባል መምህሩ ዘዴውን አስረዳ፤ የሚያስቅህን ሰው አስወጣ። ዘዴው ሕግ ሆነ። ፎቶ ልናነሳ ስንሄድ የቤቱ ጌታ ገና ሳንቀመጥ ሚስቱን ወደ ወፍጮ ቤት ይልካታል፣ ወንድሙን ከብት ጠብቅ ይለዋል፣ የልጅ ልጁ በአክስቱ ታዝሎ ይወጣል። ባዶ ግቢ ውስጥ አንድ የተገተረ ሰው እናነሳለን። ቆቦ ላይ የትኛውም ቤት ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተኮሳተረ ሽማግሌ ብታዩ፣ የእኛ ሥራ ነው፤ የምትወደው ሴት በዚያ ሰዓት ከበር ውጭ ቆማ ነበር። ካሜራው የሚዘገየው ሰው ሰው እስኪመስል ነበርና፣ እኛ ዘዴ ፈልገን አሸነፍነው። ሦስታችንም ካሜራው ተሻሻለ ብለን አመንን።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አፍንጫው ውስጥ አሸዋ ገባና ወጥቶ አልመለስ አለ። ባለሱቁ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ያኔ ደግሞ ካሜራ ያለው ሞባይል በየኪሱ ገብቶ ስለነበር የሚያዝንለት አልተገኘም። አባቴን በሞባይል ላንሳህ ብለው፣ ግድግዳውን በአገጩ እያሳየ «አለኝ» ይለኛል።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል አንድ ጠዋት ደሙ ከፍ ብሎ ወደቀ፤ ከሰዓት በኋላ ዐረፈ። ለቅሶው ትልቅ ነበር። ያስታረቃቸው ሁሉ ከነተጣሏቸው መጡ፤ ከዋጃ፣ ከሮቢት፣ ከደጋው ሳይቀር። ከቀብር ስንመለስ አክስቶቼ ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው ከሰው በላይ ከፍ አድርገው ያዙት። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ አነባ። «እሱን ቁጭ!» ይሉ ነበር። «አይ ግርማ ሞገስ! ሊናገር እኮ ነው የሚመስለው!» ባለሱቁና መምህሩ ከድንኳኑ ጥግ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም ከልባቸው እያለቀሱ ነው፤ ግን ባለሱቁ ዓይኑን ጠርጎ ወደ መምህሩ ዘንበል ሲልና «ጥራቱን አየኸው ወላሂ?» ሲለው ሰምቻለሁ። መምህሩ በሀዘን ራሱን ነቀነቀ።

ባሏ የሞተባት ሴት ፎቶውን ታቅፋ ማልቀሷ ወግ ነው። አንዷ አክስቴ አምጥታ እናቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላት። ሴቶቹ እሷ እስክትጀምር ጠበቁ። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችው። መስታወቱን በጣቷ ጠረገችው፤ አቧራ ግን አልነበረውም። ከዚያ ፎቶውን አንስታ ለአክስቴ መልሳ ሰጠቻት።

«ይሄን ወስደሽ ለሽማግሌዎቹ ስጫቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ይሄን ነው» አለች። «እኔ ከቤት ወጥቼ የተነሳው ነው።»